ዋይፋይ የማይደርሰው ክፍል

«የሴትዮዋን ነገር ዛሬ ካልወሰንን አልጋውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል» የሚለው መልእክት ሲገባ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነበር። ስልኩ የእኔ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ስልክ ነው፤ እኔ ጠባቂው ነኝ። የጻፈችው ትልቋ እህቱ ናት። ሴትዮዋ ደግሞ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መስሎኝ «ይቺ ደግሞ የማን ምስኪን ትሆን?» ብዬ ነበር፤ ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ አዘንኩላት። ወዲያው ሁለተኛው መጣ። የጓሮው ክፍል እስከ ቅዳሜ መለቀቅ አለበት፣ የሴት ልጇ ፈተና ደርሷል ይላል። የጓሮው ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት የተኛሁበት ክፍል ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያረጀሁት፤ የራሴን ነገር ከሰው ስልክ ላይ አነባለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ግራ እንዳይገባችሁ ሥራዬን ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ አሰልጣኝ ነው። ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞረ፣ ሰዎች ስልካቸውን አስቀምጠው ሥራቸውን እንዲሠሩ ያስተምራል። ያጨበጭቡለታል፣ ይከፍሉታል። እሱ ራሱ ግን ስልክ ካየ እንደ ሕፃን ልጅ ነው፤ አንዴ ካነሳው ለምን እንዳነሳው ይረሳና ሰው ድመት ሲያጥብ፣ ሰው ከደረጃ ሲንከባለል ሲያይ ይመሻል። ያልሞከረው የለም። ስልክ የሚቆልፍ ፕሮግራም ጫነ፤ መክፈቻ ዘዴውን ራሱ ፈልጎ አገኘ። መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ለሕንፃው ጥበቃ ሰጠ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አራት ፎቅ በእግሩ ወርዶ ተቀበለ። እንዳያጠፋው ደንበኞች ይደውላሉ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ጓሮ መጣና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «እቴቴ፣ አንቺ ብትይዢልኝስ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የመሥሪያ ቤት ስልክ ማዞሪያ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ገመድ ከዚህ ነቅዬ እዚያ እየሰካሁ ስንቱን ከስንቱ አገናኝቻለሁ። አለቃችን «ኦፕሬተር ጆሮ እንጂ ምላስ የላትም» ይሉን ነበር። ስንቱ ሲሾም፣ ስንቱ ሲባረር ከባለጉዳዩ ቀድሜ ሰምቼ፣ ደረጃ ላይ ሳገኘው «እንደምን አደሩ» ብዬ አልፌያለሁ። የእህቴ ልጅ የፈለገውም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ሦስት ወር ሆነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት እሱ ቤት እደርሳለሁ፤ ስልኩን በሁለት እጁ ያስረክበኛል፣ የሚያለቅስ ልጅ አሳልፎ የሚሰጥ ነው የሚመስለው። ከዚያ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ክፍሉ ይገባና በሩን ይዘጋል። እኔ በወጥ ቤቱና በእሱ በር መካከል ባለው ኮሪደር ላይ፣ ትራስ በተደረገበት የፕላስቲክ ወንበር እቀመጣለሁ። መስኮት የለውም፤ አምፖሉ ቀኑን ሙሉ ይበራል። ከጎን ያለው ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ሲያዞር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ወንበሬም አብሮ። ጭኔ ላይ ደብተር አለ፤ በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፍዬዋለሁ። አንደኛው «አሁን»፣ ሁለተኛው «ማታ»፣ ሦስተኛው «ተይው» ይላል። «አሁን» ውስጥ የሚገባው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ሞት፣ እሳትና ደንበኛ። ትናንት መቶ አርባ ሦስት መልእክት ገብቶ እሱ ዘንድ ያሳለፍኩት አራቱን ነው። ስለዚህ ነገር ኩራት ቢጤ ይሰማኛል፤ ለምን እዋሻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማንም ምንም አምኖ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አደራ ብሎኛል፤ ለማንም እንዳልናገር። ስልክ ተው እያለ የሚያሠለጥን ሰው የገዛ ስልኩን አክስቱ ትጠብቅለታለች ቢባል መሳቂያ ይሆናል። እውነቱን ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ታክሲ ይዤ ስወጣ የት እንደምሄድ ትልቋ አታውቅም። «ወዴት ነሽ?» ስትለኝ «ወዲህ ወዲያ» እላታለሁ፤ እሷም ደግማ አትጠይቅም።

ሦስቱ እህትና ወንድማማቾች የሚጻጻፉበት ቦታ «የእማዬ ልጆች» ይባላል። እኔ የለሁበትም። እማዬ የተባለችው ታላቅ እህቴ ናት፤ ስትሞት ትልቋ የአሥራ አራት ዓመት፣ መካከለኛው የአሥር፣ ይህኛው የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ምን እንዳደረገ መዘርዘር አልወድም፤ ውለታ የሚቆጥር ሰው አስጠሊታ ነው። ቤቱ የእናታቸው ነው፣ ስለዚህ የእነሱ ነው። ትልቋ ስታገባ ዋናውን ቤት ለቅቄላት ጓሮ ገባሁ፤ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ፣ ግድግዳው ክንድ የሚያህል ወፍራም፣ መስኮቱ አንድ ብቻ የሆነ ክፍል ነው። ሲያሙት ነው የኖሩት። ጨለማ ነው፣ ይበርዳል፣ ስልክ አይሠራበትም ይላሉ። ዛሬ ትልቋ ስትጽፍ ይሄው ነገር ምርቃት ሆኖ አረፈው። «ልጅቷ ዋናው ቤት ውስጥ አታጠናም። ዋይፋይ እያለ ከእጇ ስልክ አይወርድም፤ እንዳላጠፋው አባቷ ይሠራበታል። የጓሮውን ክፍል ግን ዋይፋይ አይደርሰውም፣ ኔትወርክም የለውም። እንዲህ ያለ ቦታ በገንዘብ አይገኝም።» ጉድ እኮ ነው! እስከ ትናንት ለሰው አይሆንም ሲባል የኖረ ክፍል፣ ለሰው የሚሆን ሆኖ ሲገኝ እኔ እንድወጣ ሆነ።

መካከለኛው መድኃኒት ቤት አለው፤ መልስ የሚጽፈው ደንበኛ ባለበት ሰዓት በመሆኑ አጭር ነው። «እቴቴ የት ትሂድ?» አለ። ትልቋ ፎቶ ላከች። ከከተማው ጫፍ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አራት አልጋ፣ ሦስተኛው ባዶ። ግራጫ ብርድ ልብስ ከእግርጌ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ከራስጌው ሚስማር አለ፣ ልብስ መስቀያ መሆን አለበት። በሁለት ጣቴ ፎቶውን ሳብ አድርጌ አሰፋሁትና አልጋው ሥር ሻንጣ ይገባ እንደሆን አየሁ። አይገባም። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ ትልቋ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም፣ አይደብራትም ብላ ጽፋለች። መካከለኛው ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። «እኔ አልስማማም። እሱም ይናገር» አለ። ትልቋም እንዲህ ስትል ደመደመችው፦ «አልጋውን የሚይዙልን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ ካልመለሰ እንደተስማማ እቆጥረዋለሁ።»

እሱ ማለት፣ እኔ በሩን የምጠብቅለት ልጅ ነው። አንድ ለአንድ ሆነዋል፤ ሚዛኑን የሚደፋው የእሱ ቃል ነው። እሱ ደግሞ ጆሮውን በጥጥ ደፍኗል። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለአንድ ትልቅ ድርጅት የሚያስረክበው ጽሑፍ አለ፤ ካላስረከበ ሥራው ለሌላ አሰልጣኝ ይሄዳል። ጠዋት ስልኩን ሲሰጠኝ «እቴቴ፣ ዛሬ ምድር ብትገለበጥ እንዳታንኳኪ» ብሎኛል። ደብተሩን ከፈትኩና የትኛው መደብ ውስጥ እንደማስገባው ብዙ አሰብኩ። ሞት አይደለም፤ እሳትም አይደለም፤ ደንበኛም አይደለሁም። «ማታ» የሚለው ሥር «ቤተሰብ፣ ስለ ጓሮው ክፍል» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ማለት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት፤ እጄ ከእኔ ቀድሞ ሥራውን ሠራ።

ከዚያ ሥራው ፋታ አልሰጠኝም። የድሮ የክፍል ጓደኞቹ ማን መላጣ እንደሆነ፣ ማን እንደወፈረ ሲሰዳደቡ ሃምሳ ሁለት መልእክት ጻፉ፤ ተይው። አንዱ ሶፋ ይሸጣል፤ ተይው። አንዲት ሴት የልብ ምስል ትልክለታለች፣ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ይህቺን «ማታ» ውስጥ አስገባታለሁ፣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ያላገባ ልጅ ነው። የድርጅቱ ሰው ደውሎ ጽሑፉ ደረሰ ወይ ሲል «በመጠናቀቅ ላይ ነው ጌታዬ» አልኩት። የሥራ ድምፅ አለኝ፤ ቀጭን፣ ቀዝቃዛ፣ ዕድሜ የሌለው። ቤት ውስጥ ተጠቅሜበት ስለማላውቅ ከቤተሰብ ማንም አያውቀውም። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም፤ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የሆነውን እንድትረዱት ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ትልቋ ደወለች። ስሟን ስክሪኑ ላይ አየሁት፤ ግን ጥሪ ጥሪ ነው፣ አነሳሁት። «ጤና ይስጥልኝ፣ የአሰልጣኙ ቢሮ ነው፣ ምን ልታዘዝ?» ስላት አዲሷ ጸሐፊ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ይህቺን ልጅ ፀጉሯን በየእሑዱ እየጎነጎንኩ ነው ያሳደግኳት፤ የመጀመሪያውን ጡት መያዣ የገዛሁላት እኔ ነኝ። አልለየችኝም። በጣም አስቸኳይ የቤተሰብ ጉዳይ እንደሆነ፣ ወንድሟን ለአንድ ደቂቃ እንዳገናኛት ለመነችኝ። ስብሰባ ላይ ናቸው፣ መልእክት ልያዝልዎ አልኳት። ሰው ለማያውቀው ጸሐፊ ሆዱን መዘርገፍ ይወዳል፤ እሷም ተነፈሰች። አክስታቸው እንዳለች፣ ክፉ ሰው እንዳልሆነች፣ ነገር ግን ጭንቅላቷ ደህና እንዳልሆነ አወራችኝ። «ጠዋት ታክሲ ተሳፍራ ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች፤ የት እንደምትውል እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ስንጠይቃት ወዲህ ወዲያ ትላለች። አንድ ቀን መኪና ይገጫትና እኛ እንጠየቃለን። ይህን ንገሪልኝ እህቴ፣ ይህን ካወቀ እምቢ አይልም።»

«አስተላልፋለሁ» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁትና ጥሪው የገባበትን ሰዓት ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። መናደድ ብቻ አልነበረም። አፈርኩ። የት እንደምውል አንድ ሰው ያውቃል፤ ያ ሰው ከዚህ በር ጀርባ ተቀምጧል፤ አንድ ቃል ቢተነፍስ ጤነኛ እሆናለሁ። የእሱን ክብር ስጠብቅ እኔ እብድ ሆኜ ተመዘገብኩ። ቢሆንም ተስፋዬ እሱው ነበር፤ እሱ ከሰማ ያልቃል አልኩ። ልጁን አውቀዋለሁ። የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ እናቱ የሞተች ሰሞን ክንዴን ካልተንተራሰ አይተኛም ነበር፤ ክንዴ ደንዝዞ እንጨት ሲሆን እንኳን እንዳይነቃ ብዬ አልነቀንቀውም ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ወጣ። ለምሳ የተመደበለት ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የምትጮኽ ትንሽ ሰዓት ያስቀምጣል። እንቁላል ጠብሼ ዳቦ አቀረብኩ። ቆሞ ነው የሚበላው። ዳቦው ትናንትና ከገዛሁት እንደሚያንስ፣ ዋጋው ግን እንደጨመረ ነገርኩት፤ አንገቱን ነቀነቀ። የዛሬዋ ቲማቲም በፍሬ እየተቆጠረች ነው የምትሸጠው አልኩት፤ እሱንም ነቀነቀልኝ። ዐይኑ ቀልቶ ጺሙ አድጓል። አሳዘነኝ፣ ይታያችኋል? እኔ ነኝ እሱን ያዘንኩለት። ሰዓቷ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀራት ከቤተሰብ የመጣ መልእክት እንዳለ አነሳሁ። ዳቦውን ማኘክ አቆመና «ሞት ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። እሳት እንደሆነ ጠየቀኝ። አይደለም። ደንበኛስ? አይደለም። «እንግዲያው ማታ» አለና ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ከንፈሩ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ነበረበት። በሩን ሲዘጋ ሰዓቷ ገና አምስት ደቂቃ ይቀራት ነበር፤ ምሳውን ሳይጨርስ ነው የገባው።

ከሰባት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል ያለችውን አንድ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኳት እኔና ያቺ ወንበር ነን የምናውቅ። ትልቋ የጥያቄ ምልክት ብቻ ላከች፤ ቆይታ ሁለት፤ ቆይታ ሦስት። መካከለኛው «አንተ ሰውዬ ተናገር እንጂ» አለ። ስልኩ እጄ ላይ ነው። የይለፍ ቁጥሩን አውቃለሁ። በስሙ አንድ ቃል ብጽፍ ማን ያውቅብኛል? ጻፍኩትም። «እቴቴ ከክፍሏ አትነሳም» ብዬ ጻፍኩና አየሁት። ምንኛ ያምራል! እሱ ራሱ የተናገረው ነው የሚመስለው። አውራ ጣቴ መላኪያው ላይ አንዣበበ። ከዚያ ግን ምን መጣልኝ መሰላችሁ? ይህ ልጅ ቢጠየቅ ይህንኑ ነው የሚለው አልኩ። ሊሰጠኝ ያለውን ነገር ለምን እሰርቀዋለሁ? ኋላ ሲሰማ «እቴቴ አላመነችኝም» ብሎ ይቀየመኛል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ከዕድሜዬ ስህተት ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፤ ሌላውን ይቅር ብየዋለሁ።

ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ተነሥቼ፣ ቀሚሴን አስተካክዬ፣ በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን አንኳኳሁ። ጆሮው በጥጥ ስለተደፈነ አልሰማም፤ ገፋ አድርጌ ገባሁ። ክፍሉ ታፍኗል፤ መጋረጃው ተዘግቷል፤ ግድግዳው ላይ ቢጫ ወረቀቶች ተለጣጥፈዋል። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ላፕቶፑ ላይ በአንድ ወገን የሚጽፈው ጽሑፍ አለ። በሌላው ወገን፣ በጠባቧ ጥግ፣ ግራጫው ብርድ ልብስ የተጣጠፈበት አልጋ አለ። ያው ፎቶ። ከሥሩም የትልቋ ሦስት የጥያቄ ምልክቶች። ለካ ስልኩ ላይ የሚገባው ሁሉ እዚያም ይገባል። ለካ ከጠዋት ጀምሮ እኩል ስናነብ ነው የዋልነው፣ እኔ ከበሩ ወዲህ፣ እሱ ከበሩ ወዲያ።

ዞር ሲል አየኝና ጥጡን ከጆሮው አወጣ። አልደነገጠም፤ ደከመው እንጂ። «አይተኸው ኖሯል» አልኩት። ጠዋት እንዳየው፣ ምን እንደሚመልስ ግራ ስለገባው እንደተወው ነገረኝ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ በስልጠና ላይም እንዲህ ነው አሉ የሚናገረው። «ፊት ለፊት ልነግርሽ አልቻልኩም እቴቴ። ራስሽ ብታነቢው ይቀልሻል ብዬ ነው። እየተለማመድሽው ትውያለሽ ብዬ አሰብኩ።» እውነቱን ነው የተናገረው፤ የሚዋሽ ሰው ፊት አይደለም። ለእህቱ የመከረው ራሱ መሆኑንም ያን ጊዜ ነው ያወጣው። ልጅ ትኩረት እንድታገኝ ከፈለጋችሁ ኢንተርኔት የማይደርስበት ክፍል ፈልጉላት፣ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ክፍል አለ ያላቸው እሱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰው እንዳለ ያኔ ትዝ እንዳላለው ነገረኝ። «በጭራሽ ስለ አንቺ አላሰብኩም ነበር» ሲለኝ እንደ ይቅርታ ነው የሚለው፤ እንደ ይቅርታም እንድሰማው ጠበቀ።

ቀን ቀን የት እንደምውል ለምን እንዳልነገራቸው ጠየቅሁት። ይህን ካወቁ አገር እንደሚስቅበት፣ እህቱ ደግሞ ምላሷን እንደማትችል መለሰልኝ። ታዲያ እብድ ናት እየተባልኩ ልሙት? አላልኩትም። ዕድሜ ልኬን ለራሴ ለምኜ የማላውቀውን ያህል ትንፋሼን ሰበሰብኩና አንድ ነገር ብቻ አልኩ።

«እኔ መሄድ አልፈልግም።»

ቀና ብሎ አየኝ። አምላኬን፣ አንድ አፍታ የድሮው ልጅ ፊቱ ላይ መጣ። ከዚያ ዐይኑ ወደ ላፕቶፑ ሰዓት ሄደ። «እቴቴ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳን አልቀረኝም» አለኝ። «ይሄን ሥራ ካጣሁ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነኝ። ደግሞ እዚያ ብትሄጂ ማን ይጎዳሻል? ይሄ ስልክ ጥበቃም አድክሞሻል፤ ዛሬ ይሄ ጽሑፍ ካለቀ ከነገ ጀምሮ እኔም አላስቸግርሽም፣ ታርፊያለሽ።» ነገ እንደማያስፈልገኝ የሰማሁት እንዲህ፣ እንደ ምርቃት ተቀላቅሎ ነው። ቀጥሎ ከጽሑፉ ላይ አንድ መስመር በጣቱ አሳየኝ። ከሁለት ደቂቃ በታች የሚያልቅ ነገር ከሆነ አታሳድረው፣ ጨርሰህ ወደ ሥራህ ተመለስ ይላል። «አሁኑኑ እንጨርሰው። ስልኩ አንቺ ጋ ነው አይደል? እኔ እዚህ ከጀመርኩ ከእሷ ጋር ስንጻጻፍ ይመሻል። ጻፊልኝ፦ ተስማምቻለሁ።»

አልጽፍም ማለት ነበረብኝ፤ እናንተም ይህንኑ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሥልሳ ስድስት ዓመት ያልለመድኩትን እምቢታ በሁለት ደቂቃ ከየት ላምጣው? በዚያ ላይ ፊቱን ወደ ስክሪኑ መልሷል፤ የምለምነው ፊት እንኳን አልነበረም። ቆሜ ጻፍኩ። ተስማምቻለሁ። ላክሁት። ትልቋ በዐይን ጥቅሻ ፍጥነት መለሰች፤ ስለ ልጄ ፈጣሪ ይስጥህ፣ ግን ለሴትዮዋ ማን ይንገራት፣ እኔ አልችልም፣ ልቅሶዋን አልችልም አለች። አነበብኩለት። ሳይዞር፣ እየጻፈ፣ «እኔ ነግሬያታለሁ በያት» አለኝ። ነግሬያታለሁ ብዬ ጻፍኩ። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ቆሙ፤ ትንሽ አሰበና «ደስ ብሏታል በይ» አለ። «እንደሱ ካልን መካከለኛውም አይከራከርም።»

አውራ ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ቀረ። «ጻፍሽው?» አለኝ። ደ፣ ስ፣ ብ፣ ሏ፣ ታ፣ ል። ስድስት ፊደል ነው። እንባዬ መስታወቱ ላይ ጠብ ሲል ጣቴ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ፤ በቀሚሴ ጠርጌ እንደገና ጻፍኩት። መካከለኛው ወዲያው አልመለሰም። ሲጽፍ፣ ሲተው፣ ሲጽፍ ይታየኛል። ባክህ በላቸው አልኩ በሆዴ፤ ባክህ አንተ እንኳን ውሸት ነው በላቸው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሰው ቆሞበት ይሆናል፣ ብዙ አልጻፈም።

«ደስ ካላት እሺ። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ነበር።»

ይህንንም አነበብኩለት፤ ድምፄ የሥራ ድምፅ ነበር። «አየሽ» አለኝ ጥጡን ጆሮው ውስጥ መልሶ እየወተፈ፣ «ሁለት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።» በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀጣሪ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሰባት መልእክት ገባ፤ አንዱም ስለ እኔ አልነበረም።